ካታሊስቱና የሊማሊሞ መንገድ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ደባርቅን እንዳለፈ የደጋውን ጫፍ ይዞ በገደል ላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ሊማሊሞ የሚባለው ይህ ነው። ገደሉ ካበቃ በኋላ መንገዱ ወደ ዛሪማ ቆላ ይገባል። ዛሪማ ከደባርቅ ከ1000 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ የምትገኝ በመሆኗ፥ ማለዳ በደባርቅ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ የተነሣ መንገደኛ ከዚያ ሲደርስ ጋቢውን አውልቆ በትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል። ሰው ልብሱን እንደ አየሩ ይለዋውጣል። በካርቡራቶር የሚሠራ ሞተር ግን ይህን ለማድረግ አይችልም፤ በደጋ የተወሰነለትን የቤንዚን መጠን በቆላም፥ በቆላ የተወሰነለትንም በደጋ ይዞ ይጓዛል። የዚህ ግትርነት ዋጋ በመጨረሻ የሚከፈለው በጭስ ማውጫው ላይ ነው።

ዛሬ በዚህ መንገድ ከካሚዮንና ከአውቶቡስ ጋር ሞተር ሳይክልም ይመላለሳል። ከሞተር ሳይክሎቹም መካከል በማርሚታቸው ውስጥ ካታሊቲክ ኮንቨርተር፥ ባጭሩ ካታሊስት፥ የተገጠመላቸው ይገኛሉ። ይህ ዕቃ ሲታፈን ወይም ሲሰበር ሞተሩ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፤ ማርሚታው ይንኳኳል፤ ቱቦውም ከልክ በላይ ይግላል። ባለንብረቱ ያን ጊዜ ሦስት አማራጭ አለው፤ በአዲስ መተካት፥ ቆርጦ ማውጣት፥ ወይም ማርሚታውን ከፍቶ ውስጡን ባዶ ማድረግ። ከሦስቱ የትኛው እንደሚሻል በትክክል ለመፍረድ የዕቃውን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። ምክንያቱም የካታሊስት ታሪክ ከመነሻው እስከ ዛሬ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፤ ካታሊስትን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ከእርሱ በፊት ያለው ነገር ነው።

የመንገዱና የጋራዡ ቋንቋ

በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደርን የያዘው የስታራቼ ጦር በካሚዮን ተጭኖ የገባው በኡምሐጀር በኩል የምዕራቡን ቆላ ዞሮ ነበር። በዚያ ጊዜ የሊማሊሞ ገደል ለተሽከርካሪ የሚበገር አልነበረም። ከአስመራ ተነሥቶ በአክሱምና በሽሬ አልፎ፥ ተከዜን ተሻግሮ፥ በማይ ፀብሪ፥ በዓዲ አርቃይና በዛሪማ አድርጎ ደባርቅ የሚወጣው የመኪና መንገድ የተሠራው ከዚያ በኋላ በኢጣሊያ የወረራ ዘመን ነው። በገደሉ አናት የመሸገው የኢጣሊያ ጦር በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም በዚያው ዓመት በኅዳር ነፃ ወጣች። ወራሪው ሲሄድ መንገዱ ቀረ፤ ከመንገዱም ጋር የጋራዡ ቋንቋ ቀረ።

ማርሚታ፥ ካንዴላ፥ ቡሎን፥ ፍሬን፥ ፍሪሲዮን፥ ጎማ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከኢጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። መካኒኩ ዕቃውን ከነስሙ ተረክቦ፥ ስሙን በአማርኛ እያረባ፥ ሥራውንም በእጁ እያሻሻለ ለልጁና ለደቀ መዝሙሩ አስተላለፈ። ካታሊስት ግን በዚህ መዝገብ ውስጥ የለም። መንገዱ በተሠራበት ዘመን እንዲህ ያለ ዕቃ በዓለም ላይ በየትኛውም መኪና አይገጠምም ነበርና፥ ለመካኒኩ አብሮ ያደገ የሥራ ልማድ አላቆየለትም። ዛሬ ብዙ ሰው በማርሚታው ውስጥ የሚያገኘውን ሸክላ መሰል ነገር ጥቅም የሌለው መሰናክል አድርጎ የሚመለከተው አንዱ ምክንያት ይኸው የኋላ እንግድነቱ ነው።

ከእርሳስ ጋር የተደረገው ትግል

ካታሊስት ማለት ራሱ ሳይለወጥ የሌሎችን ንጥረ ነገሮች ውሕደት የሚያፋጥን ነገር ማለት ነው። በሞተር ጭስ ማውጫ ውስጥ የሚገጠመው ካታሊስት እንደ ማር እንጀራ በቀጫጭን ቀዳዳዎች የተሞላ የሸክላ ወይም የብረት አካል አለው። በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ተለብጦ፥ በዚያ ልባስ ላይ ጥቂት ፕላቲነም፥ ፓላዲየምና ሮዲየም ተበትኖበታል። ስለዚህ በተለምዶ የጭስ ማጥሪያ ቢባልም፥ በእርግጥ የሚያጠራው እንደ ወንፊት አግዶ ሳይሆን ጋዙን ወደ ሌላ ጋዝ በመለወጥ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፥ ያልተቃጠለውን የቤንዚን ትነት ወደ ውኃና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፥ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችንም ወደ ተራ ናይትሮጅን ይለውጣል።

የዚህ ሐሳብ አባት ተብሎ የሚጠራው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዩጂን ሁድሪ ነው። ሁድሪ በአሜሪካ ድፍድፍ ዘይትን በካታሊስት አማካይነት ወደ ቤንዚን የመለወጥን ዘዴ በሥራ ላይ በማዋል ስሙን ያስጠራ ሰው ነበር። የሎስ አንጀለስን ከተማ የሸፈነው ጉም ከመኪና ጭስ ጋር የተያያዘ መሆኑ በተገለጠ ጊዜ፥ ቤንዚን በመሥራት የሚያውቀውን ጥበብ የቤንዚንን ጭስ ለማጥራት አዋለው። ለመኪና ጭስ ማውጫ በሠራው ካታሊስትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 የፈጠራ መብት ተሰጠው።

ሆኖም ዕቃው ገበያ አልወጣም። ምክንያቱ በቤንዚኑ ውስጥ የነበረው እርሳስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ቶማስ ሚጅሊ የተባለው የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪ ቴትራኤትል ሌድ የተባለውን የእርሳስ ውሕድ በቤንዚን ላይ ጥቂት ቢጨምሩ ሞተር ማንኳኳቱን እንደሚተው አገኘ። ውሕዱ እ.ኤ.አ. በ1923 ለሽያጭ ቀረበ። በሚቀጥለው ዓመት በኒው ጀርሲ በሚገኝ የማምረቻ ቦታ ሠራተኞች በመርዙ ሞቱ፤ ንግዱ ግን ከጥቂት ጊዜ መታገድ በኋላ ቀጥሎ ዓለምን ሁሉ አዳረሰ። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ለካታሊስትም ቢሆን መርዝ ነው፤ በፕላቲነሙ ላይ ተለብጦ ጋዝ እንዳይደርስበት ይሸፍነዋል። የሁድሪ ካታሊስት ሥራው ትክክል ሳለ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የሚሞተው በራሱ ድክመት ሳይሆን ከፊቱ ከሚመጣለት ነዳጅ የተነሣ ነበር።

ይህን ቋጠሮ የፈታው ሕግ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የአየር ንጽሕና ሕግ የመኪና አምራቾች ጭሳቸውን በብዙ እጅ እንዲቀንሱ አስገደደ። እ.ኤ.አ. ከ1974 አጋማሽ ጀምሮ እርሳስ አልባ ቤንዚን በየማደያው እንዲገኝ ተደረገ፤ በ1975 ሞዴል መኪናዎችም ላይ ካታሊስት በብዛት ተገጠመ። በዚያው ዘመን የኤንግልሃርድ ኩባንያ መሐንዲሶች ጆን ሙኒና ካርል ኪት ሦስቱን መርዞች ባንድ ጊዜ የሚለውጠውን ካታሊስት ሠሩ። ይህ ካታሊስት በደንብ የሚሠራው ግን ለአንድ ክብደት ቤንዚን 14.7 ያህል ክብደት አየር ሲደርሰው ብቻ በመሆኑ፥ በጭስ ማውጫው ውስጥ ኦክስጅንን እየለካ የቤንዚኑን መጠን የሚያርም መሣሪያ አስፈለገው። የቮልቮ ኩባንያ በ1977 ሞዴል ለካሊፎርኒያ ገበያ ሁለቱን አጣምሮ አቀረበ። አንድ የጭስ ማውጫ ዕቃ ለመኖር ሲል በመጀመሪያ ነዳጁን፥ ቀጥሎም የቤንዚኑን አሰጣጥ እንዲለወጥ አስገደደ ማለት ነው።

ወደ ባለ ሁለት ጎማው

ሞተር ሳይክል ከዚህ ሁሉ ዘግይቶ ደረሰ። ሞተሩ ትንሽ፥ ቱቦው አጭር፥ ዋጋው ዝቅተኛ በመሆኑ አምራቾች ተጨማሪ ዕቃ ለመጫን አልቸኮሉም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቢ ኤም ደብልዩ ኩባንያ በኦክስጅን መለኪያ የሚመራ ካታሊስት ያለው ሞተር ሳይክል ሠራ። አውሮፓ ለሞተር ሳይክል የመጀመሪያውን የጭስ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1999 አውጥታ፥ በ2006፥ በ2016ና በ2020 እያጠበቀች ሄደች። ሕንድም ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ያጸናችው ደንብ ለአገር ውስጥ ገበያዋ በሚቀርቡት ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ሳይቀር ካርቡራቶርን በአብዛኛው በኢንጀክሽን አስተካ። ወደ ኢትዮጵያ ከሚገቡት ሞተር ሳይክሎች ብዙዎቹ የሕንድና የቻይና ሥራ በመሆናቸው ይህ ለውጥ ለጎንደር መካኒክ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ነገር ግን ካታሊስት በዛሪማ መንገድ ሊኖር የሚችለው እርሳሱ ከቤንዚኑ ከወጣ በኋላ ብቻ ነው። በአሰብ የነበረው የነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ካቆመበት ከእ.ኤ.አ. 1997 ወዲህ ኢትዮጵያ ቤንዚኗን የምታገኘው ተጣርቶ ከተዘጋጀ በኋላ ከውጭ በመግዛት ነው። በሰኔ 1993 ዓ.ም. ከሰሃራ በታች የሚገኙ አገሮች በዳካር ተሰብስበው እርሳስ ያለውን ቤንዚን ለማስወገድ ተስማሙ፤ እስከ ጥር 1998 ዓ.ም. ድረስም ይኸው በአካባቢው ሁሉ ተፈጸመ። በዓለም ላይ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ስትሆን፥ እርስዋም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ተወችው። ሚጅሊ ውሕዱን ካገኘ አንድ ምዕት ዓመት ሆኖት ነበር። ስለዚህ የዛሬው የሰሜን ጎንደር መካኒክ ሁድሪን ካሸነፈው ጠላት ነፃ ነው። የቀሩት ጠላቶች በእጁ ሊያስተካክላቸው የሚችሉ ናቸው።

ዳገቱና ቁልቁለቱ

ከእነዚህ ጠላቶች የመጀመሪያው ከፍታ ነው። በ2800 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራቶር በዚህ ከፍታ የሚሰጠው ድብልቅ በስሌት 15 በመቶ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል። ትርፉ ቤንዚን በሲሊንደሩ ውስጥ ሳይቃጠል ወደ ማርሚታው ይሻገራል፤ በቂ ኦክስጅን ስለማይከተለውም ካታሊስቱ ሊለውጠው አይችልም፤ ጥላሸት ያከማቻል። በአንጻሩ ደባርቅ ላይ የካርቡራቶሩን የቤንዚን ቀዳዳ አጥብቦ ያስተካከለ ነጂ ዛሪማ ሲወርድ አየሩ ይወፍርበትና ድብልቁ ይሳሳል፤ ሞተሩም ከመጠን በላይ ይግላል። ስለሆነም እንዲህ ባለው መንገድ የሚመላለስ የካርቡራቶር ሞተር ማስተካከያው ለሁለቱም ጫፍ አስታራቂ እንዲሆን ግድ ነው። ኢንጀክሽንና የኦክስጅን መለኪያ ያለው ሞተር ይህን በራሱ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ቁልቁለቱ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ሲል በሊማሊሞ ቁልቁለት ቁልፉን አጥፍቶ በማርሽ የሚወርድ የካርቡራቶር ሞተር ነጂ ቤንዚን አይቆጥብም። ጎማው ሞተሩን እያዞረ ነውና፥ ሞተሩ ቤንዚንና አየር መሳቡን አያቆምም፤ ካንዴላው ግን እሳት አይሰጥም። ጥሬው ድብልቅ በጋለው ማርሚታ ውስጥ ይከማችና ቁልፉ ሲመለስ በፍንዳታ ይቃጠላል። ሸክላው የሚሰነጠቀው በዚህ ነው። ካንዴላው ያረጀ ሞተርም ቀስ በቀስ ያንኑ ያደርጋል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን በካታሊስቱ ውስጥ ሲነድ ሙቀቱ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ የማር እንጀራውን ቀዳዳ እስከ ማቅለጥ ይደርሳል።

ሦስተኛው ዘይት ነው። የፒስቶኑ ቀለበት ካለቀ ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል ይገባል፤ በዘይቱ ውስጥ ያሉት ፎስፎረስና ዚንክም እንደ ጥንቱ እርሳስ በካታሊስቱ ላይ ይለበጣሉ። ከማርሚታው የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ የዚህ ምልክት ነው።

በግቢ ውስጥ የሚሠራው ሥራ

ከዚህ ታሪክ የሚከተለው የሥራ ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መካኒኩ ማርሚታውን ከመፍታቱ በፊት ካንዴላውን ይፈታል። ጫፉ ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል፤ በዘይት ከራሰ ቀለበቱ ወይም የቫልቩ ማኅተም አልቋል፤ ነጭና የተቃጠለ ከመሰለ ድብልቁ ሳስቷል። የአየር ማጥሪያውም በአቧራ ታፍኖ እንደሆነ ይታያል። ይህ ሳይስተካከል የሚገጠም አዲስ ካታሊስት የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል።

ቀጥሎ ሞተሩ ፈጽሞ እስኪበርድ ይጠበቃል። ማርሚታውን ከሲሊንደሩ ራስ ጋር የያዙት ቡሎኖች በሙቀትና በዝገት የተጣበቁ በመሆናቸው፥ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ተቀብቶባቸው ጥቂት ሰዓት ቢቆዩ ይመረጣል። በጉልበት የተሰበረ ቡሎን የአንድ ቀኑን ሥራ ወደ ሳምንት ያሳድገዋል። የኦክስጅን መለኪያ ካለ የሽቦው ማያያዣ አስቀድሞ ይነቀላል። ማርሚታው ከወጣ በኋላ በመጋጠሚያው ያለው አሮጌ ማኅተም ቀለበት ተፍቆ ይወጣል፤ ሁልጊዜም በአዲስ ይተካል። የተሰበረውን ሸክላ የሚነካ ሰው አፍንጫውን ይሸፍን፤ ብናኙ ለሳንባ መልካም አይደለም።

በብዙ ሞተር ሳይክሎች ካታሊስቱ ከቱቦው ወይም ከማርሚታው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ የሚተካው ሙሉው ክፍል ነው። ለብቻው የተገዛ ካታሊስት በብየዳ የሚገባ ከሆነ መጠኑ ከሞተሩ ጋር የሚስማማ፥ ከሞተሩ ያለው ርቀትም እንደ ቀድሞው መሆን አለበት። ካታሊስት ሥራውን የሚጀምረው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሲግል ነውና፥ ወደ ኋላ ከራቀ ሙቀቱን አያገኝም። በመግጠም ጊዜ ሁሉም ቡሎኖች በመጀመሪያ ላላ ተደርገው ይያዛሉ፤ ከዚያ በሞተሩ በኩል ያሉት እያፈራረቁ እኩል ይጠብቃሉ፤ የማርሚታው ማንጠልጠያ በመጨረሻ ይጠብቃል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቱቦው በውጥረት ይቆይና በመንገዱ ንዝረት ይሰነጠቃል። መጋጠሚያው አየር ካስገባም መለኪያው ሞተሩ ቤንዚን ያነሰው መስሎት ይጨምርለታል፤ አዲሱን ካታሊስት ገና ከመጀመሪያው ቀን መግደል ይጀምራል። ሞተሩ አንድ ጊዜ ግሎ ከበረደ በኋላ ቡሎኖቹ ዳግመኛ ይፈተሻሉ።

በግቢ ለሚሠራ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ይህ ነው። ሞተሩ በተነሣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ካታሊስቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ፥ አዲስም ቢሆን ካርቦን ሞኖክሳይዱን አይለውጠውም። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ይገድላል። ስለዚህ ሙከራው በደጅ እንጂ በጓዳ ወይም በሩ በተዘጋ መጋዘን ሊደረግ አይገባም።

ባዶ ማርሚታ

ማርሚታውን ባዶ የሚያደርግ ባለንብረት ሁልጊዜ ግዴለሽ ነው ለማለት አይቻልም። እንደ ዛሪማ ባለች ትንሽ ከተማ ዕቃው ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሞተር ሳይክሉ ይቆማል፤ እንጀራው በእርሱ ላይ ለተመሠረተ ሰው የአንድ ሳምንት መቆም ቀላል አይደለም። የታፈነ ካታሊስት ይዞ መንዳትም ሞተሩን ያቃጥላል። ባዶው ማርሚታ ደግሞ ወዲያው ጉልበት የመለሰ ይመስላል። የሚመለሰው ግን መታፈኑ ያስቀረው ጉልበት ብቻ ነው። የተበላሸው ካንዴላ፥ ያለቀው ቀለበት፥ የበዛው ቤንዚን እንደነበሩ ናቸው፤ ምልክታቸው ብቻ ጠፍቷል። የሞተሩን ሕመም ይናገር የነበረው ዕቃ ዝም እንዲል ተደርጎ፥ ሕመሙ በመንገዱ ዳር ወደሚቀመጠው ነጋዴና ወደ ተማሪ ቤት ወደሚሄደው ሕፃን ተላልፏል።

የእርሳሱ ታሪክ በዚህ ረገድ ማስጠንቀቂያ ነው። በ1920ዎቹ የሞተሩን ማንኳኳት ዝም ያሰኘው ውሕድ ለመካኒኩም ለነጂውም እፎይታ መስሎ ነበር፤ ዋጋውን ያልገዙት ሰዎች ለአንድ ምዕት ዓመት ከፈሉት። ስለዚህ አዲስ ካታሊስት ለመግዛት ጊዜ ወይም ገንዘብ ያጠረው ሰው እንኳ ሊያደርገው የሚገባ የመጀመሪያ ሥራ አለ። ካንዴላውን፥ የአየር ማጥሪያውን፥ የካርቡራቶሩን ማስተካከያና ዘይቱን ማረም ከአዲስ ማርሚታ ዋጋ እጅግ ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ ሲሆን፥ የጭሱንም መርዝ ከምንጩ ይቀንሳል። ይህ ከተሠራ በኋላ የሚገጠመው ካታሊስት ዕድሜ ያገኛል፤ ካልተሠራ ግን ገንዘቡ በማርሚታው በኩል ይወጣል።

ከሰሜን ተራሮች ወርዶ ወደ ተከዜ የሚሄደው የዛሪማ ወንዝ በክረምት ሲደፈርስ የአገሩ ሰው የሚመለከተው ከፊቱ ያለውን ውኃ ብቻ አይደለም፤ በላይኛው አገር ምን ያህል ዝናብ እንደ ጣለ፥ የትኛውስ መሬት እንደ ተሸረሸረ ይጠይቃል። የጭስ ማውጫውን የሚፈታ መካኒክም እንዲሁ ከላይ ጀምሮ ቢጠይቅ፥ ሁድሪ ጀምሮት በሌሎች ጥፋት የተቋረጠው ሥራ በእርሱ ግቢ ሳይቋረጥ ይቀጥላል።